ልጄ «እኛ ምን አጠፋን?» አለኝ

የዛሬው ደብዳቤ ከአንዲት እናት የመጣ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው።

«ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። የመጨረሻዎቹን አምስት ወራት የተኛው ቤታችን፣ በራሱ አልጋ ላይ ነበር። በጠና የታመሙ ሰዎችን ቤታቸው እየሄደ የሚያስታምም አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነርስ ይልክልን ነበር። አምስት ሳንቲም አልጠየቁንም። ነርሷ ባለቤቴን ከመንካቷ በፊት ሁልጊዜ እጇን በሙቅ ውሃ ታሞቅ ነበር። ‹በቀዝቃዛ እጅ አልነካውም› ትለኝ ነበር። ይሄን አልረሳውም።

አሁን ኑዛዜዬን ልጽፍ ነው። ቤት አለኝ፣ ጥቂት ተቀማጭ ገንዘብም አለኝ። ከዚያ ላይ ለዚህ ድርጅት የሆነ ነገር ብተው ደስ ይለኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ። ለወንዱ ልጄ ነገሩን ጣል ባደርግለት ፊቱ ተለዋወጠ። ‹እኛ ምን አጠፋን?› አለኝ። ሴቷ በስልክ ‹እንደፈለግሽ› ብላ ወሬ ቀየረች። ከዚያ ወዲህ አፌን ይዣለሁ። ዝም ብዬ ጽፌው ብሞት ምን ይመጣል? ስንትስ ብተው ነው ልክ የሚሆነው? ደግሞስ የኔ ጥቂት ገንዘብ ለእነሱ ምን ይረባቸዋል? አያሳፍርም?»

ውድ እናቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ልቤ የቀረው ነርሷ ጋ ነው። ለልጅዎ ግን ይህን የነገሩት አልመሰለኝም። «ጣል ባደርግለት» ነው ያሉት። የሰማው «ከምተወው ላይ ለድርጅት ልሰጥ ነው» የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ ፊቱ ቢለዋወጥ አልፈርድበትም።

ጥያቄውን ልብ ይበሉት። «ስንት ሊቀርብን ነው?» አላለም። «እኛ ምን አጠፋን?» ነው ያለው። ይሄ የገንዘብ ጥያቄ አይደለም። ሰው ልጁን ሲቀየም ከውርስ ይነቅለዋል። ልጅዎ ጆሮ ውስጥ የገባው ያ ነው። ቅጣት መስሎታል። የተቀጣ የመሰለው ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ ጥፋቱን መፈለግ ይጀምራል፤ ያልደወልኩላት ቀን፣ ሳልጠይቃት የቀረሁበት ወር እያለ።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ ይኸው ነው፦ ዝም ብለው ጽፈው አይተዉት። ኑዛዜ የሚነበበው ተናዛዡ በሌለበት ነው። ልጅዎ ያኔ ያንኑ ጥያቄ ቢደግመው ማን ይመልስለታል?

አልፍሬድ ኖቤልን ያውቁታል፤ ዳይናማይትን የፈለሰፈው ስዊድናዊ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1895 ፓሪስ ላይ፣ ጠበቃ ሳያማክር፣ ኑዛዜውን በእጁ ጽፎ በአራት ምስክሮች ፊት ፈረመ። አብዛኛውን ሀብቱን የተወው ዛሬ በስሙ ለምናውቃቸው ሽልማቶች ነው። ዓመት ትንሽ አልፎት ሞተ። ዘመዶቹ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቁም። ሽልማቱን ይሰጣሉ ያላቸው ተቋማትም ቀድመው አልተጠየቁም። ኑዛዜውን እንዲያስፈጽሙ ከሰየማቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ራግናር ሶልማን የተባለ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ ኑዛዜውን ተቃወሙ። ነገሩ ከመክረሩ የተነሳ ሶልማን ፓሪስ ውስጥ የኖቤልን የአክሲዮንና የቦንድ ሰነዶች ከባንክ አውጥቶ በፈረስ ጋሪ ሲያመላልስ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ይዞ ነበር። የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠው በ1901፣ ማለትም ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ያውም የወንድሙ ልጅ ኢማኑኤል የአጎቱን ፈቃድ አክብሮ ከአስፈጻሚዎቹ ጎን ባይቆም ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እንጃ። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ የሚታየኝ ሽልማቱ ሳይሆን ያ ኢማኑኤል ነው። በመስማማቱ የሚቀርበት ነገር ነበር፤ ግን የአጎቱን ሐሳብ ተረድቶት ነበር።

ልጅዎም እንዲህ የሚሆነው ሐሳብዎን ሲረዳ ነው። ሐሳብዎን የሚረዳው ደግሞ ከእርስዎ አፍ ሲሰማው ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ምክንያቴን በደብዳቤ ጽፌ ከኑዛዜው ጋር አያይዘዋለሁ» ይሉኛል። ጥሩ ነው፤ ይጻፉ። ግን ደብዳቤው ብቻውን አይበቃም። እንግሊዝ ውስጥ አንዲት እናት ሀብታቸውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ለእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ተናዘው እ.ኤ.አ. በ2004 አረፉ። ለምን እንዲህ እንዳደረጉም በደብዳቤ ጽፈው ነበር። አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ ለብዙ ዓመታት ተቆራርጠው ነው የኖሩት። ልጅቷ ፍርድ ቤት ሄደች። በ2007 ዳኛው 50,000 ፓውንድ ወሰኑላት። ይግባኝ ተባለ፣ እንደገና ይግባኝ ተባለ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2017 የተሰጠው የመጨረሻ ፍርድ ያንኑ 50,000 ፓውንድ መለሰው። አሥር ዓመት ዞረው እዚያው! የእርስዎ ቤት ከዚህ በጣም ይለያል። እርስዎና ልጆችዎ ትነጋገራላችሁ፣ ትጠያየቃላችሁ። ይህን ዕድል አይጣሉት።

እንግዲህ እንዴት ይነገር? እኔ ብሆን በመቶኛና በወረቀት አልጀምርም። ከነርሷ ነው የምጀምረው። ልጅዎ አባቱን ሊጠይቅ ሲመጣ አይቷት ሊሆን ይችላል፤ ሙቅ ውሃውን ግን አላየ ይሆናል። ንገሩት። «አባትህን እንዲህ አድርጋ ነበር የምትይዘው፤ እኔ ብቻዬን አልችለውም ነበር» ይበሉት። ከዚያ ቀጥለው «ምንም አላጠፋችሁም» ይበሉት፤ በዚሁ ቃል። ይህን ሳይሰማ የሚቀጥለው ነገር ጆሮው አይገባም። «ቤቱ የእናንተ ነው፣ አብዛኛውም የእናንተ ነው፤ ከዚያ ላይ ለሌላ ሰው አባት ትንሽ ልተው ነው» ማለት ይችላሉ።

ሴቷን ልጅዎንም አይርሷት። «እንደፈለግሽ» አንዳንዴ እሺ ማለት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ኩርፊያ ነው። በስልክ አይለይም። ከተቻለ ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጠው ይንገሯቸው። አንዱ ከሌላው እንዲሰማ አያድርጉ።

አንድ ነገር ልጨምር። መንገር ማለት ማስፈቀድ ማለት አይደለም። ገንዘቡ የእርስዎና የባለቤትዎ ልፋት ነው። ልጅዎ ሰምቶም ላይስማማ ይችላል። ይሁን። ግን ያዳምጡት። ምናልባት እርስዎ የማያውቁት ችግር ይዞ ይሆናል፤ ዕዳ ይኖርበት ይሆናል፣ ከሥራ ሊወጣ ይሆናል። ልጅ በእውነት ተቸግሮ ከሆነ የስጦታውን መጠን ዝቅ ማድረግ ነውር የለውም። ድርጅቱም አይቀየምዎትም።

ወደ መጠኑ እንምጣ። «ስንት ብተው ነው ልክ?» ብለዋል። ልክ የሚባል ነገር የለም፤ ግን የሚያግዝ አንድ ዘዴ አውቃለሁ። ኦሲዮላ ማካርቲ የሚባሉ አሜሪካዊት ነበሩ፤ በሚሲሲፒ ግዛት የሰው ልብስ እያጠቡ የኖሩ። አክስታቸውን ለማስታመም ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት አቋርጠዋል። ዕድሜ ልካቸውን ትንሽ ትንሽ እያሉ ባንክ አስቀመጡ። ሲያረጁ የባንኩ ሰው ገንዘባቸውን እንዴት ማከፋፈል እንደሚፈልጉ ለመረዳት አሥር ሳንቲሞች ጠረጴዛ ላይ ደረደረላቸው። እያንዳንዱ ሳንቲም ከአሥር አንድ ማለት ነው። እሳቸውም አንዱን ለቤተ ክርስቲያናቸው፣ ሦስቱን ለሦስት ዘመዶቻቸው፣ ስድስቱን ደግሞ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ብለው ለአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ አደረጉ። ስድስቱ ሳንቲም እ.ኤ.አ. በ1995 ሲገለጽ 150,000 ዶላር ገደማ ነበር። እሳቸው ያረፉት በ1999 ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋን ተማሪ በዓይናቸው ለማየት በቁ።

እርስዎም አሥር ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። ልጆችዎ ባሉበት ቢሆን ደግሞ እሰየው። ዘጠኙ ወደ እነሱ ሄዶ አንዱ ለብቻው ሲቀመጥ በዓይን ይታያል። «ከሀብቴ አሥር ከመቶ» ሲባል የሚያስፈራው ነገር አንዲት ሳንቲም ሆና ስትታይ አያስፈራም።

አሁን ዋናው ጣጣ ያለው ቤቱ ላይ ነው። እዚህ ጋ ቀስ ብለው ያንብቡኝ።

«ከሀብቴ አንድ አሥረኛው ለድርጅቱ» ብለው ከጻፉ ቤቱም ሀብት ነው፣ ውስጡ ይገባል። ተቀማጩ ካልበቃ ልጆችዎ የጎደለውን ከኪሳቸው መክፈል አለባቸው፤ ካልቻሉ ቤቱን መሸጥ ነው። ድርጅቱ ደግሞ በይሉኝታ «ተዉት» ሊል አይችልም፤ የተተወለት የታማሚዎች ገንዘብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መጠየቅ ግዴታው ነው። ልጅዎ ያደገበትን ቤት ሲሸጥ ነርሷን በደግ የሚያስባት አይመስለኝም። ስለዚህ ቤቱን ለሁለቱ ልጆች ብለው ለይተው ያስቀምጡት። የድርጅቱ ድርሻ ከተቀማጩ ይሁን።

ከተቀማጩም ቢሆን ቁርጥ ያለ ገንዘብ አይጻፉ፤ ድርሻ ይጻፉ። ምክንያቱ ይህ ነው። ብዙ ቦታ ኑዛዜ ሲፈጸም መጀመሪያ ዕዳ፣ የቀብር ወጪና ግብር ይከፈላል። ቀጥሎ በቁጥር የተጻፉ ስጦታዎች ይከፈላሉ። ልጆች «የቀረውን» የሚወስዱ ከሆነ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሳቸው። ዛሬ ከተቀማጭዎ አሥረኛው የሆነ ገንዘብ፣ እርስዎ ለረጅም ጊዜ ቢታመሙና ብሩ ለሕክምና ቢወጣ፣ ግማሹ ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ ሙሉውን ይወስዳል፣ ልጆቹ ይጎድልባቸዋል። በተቃራኒውም አለ፦ ሃያ ዓመት ከኖሩ የጻፉት ቁጥር ዋጋው ወርዶ ለአንድ ሳምንት መድኃኒት እንኳ ላይበቃ ይችላል። «ከቤቱ ውጭ ካለኝ ገንዘብ፣ ዕዳና ወጪ ተከፍሎ ከሚቀረው ላይ ይህን ያህል ከመቶ» ብለው ከጻፉት ግን ሲጨምርም ሲቀንስም ሁሉም እኩል ይጨምራል፣ እኩል ይቀንሳል።

ሌላው የድርጅቱ ስም ነው። በዚህ ነገር ቤተሰቤ ተቃጥሏል። አክስቴ ኑዛዜዋ ላይ «ለዓይነ ስውራኑ» ብላ ብቻ ጻፈች። እሷ የትኞቹ እንደሆኑ ታውቃለች፤ እኛ አናውቅም። ስማቸው የሚመሳሰል ሦስት ድርጅቶች አገኘን። ሦስቱም ቅን ሰዎች ናቸው፣ ሦስቱም «እኛ ሳንሆን አንቀርም» አሉ። እናቴ ማታ ማታ የአክስቴን ቦርሳዎች እየገለበጠች ደረሰኝ ትፈልግ ነበር። በመጨረሻ ያዳነን ከመኝታ ቤቷ በር ጀርባ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ነው። ከግርጌው የአንዱ ድርጅት ስም አለ፤ መዋጮዋን የከፈለችባቸው ቀኖች ደግሞ በእርሳስ ተከበዋል። ዓመት ከሁለት ወር ፈጀብን።

ስለዚህ ድርጅቱ ቢሮ ይደውሉና የተመዘገቡበትን ሙሉ ስም፣ የምዝገባ ቁጥራቸውንና አድራሻቸውን ይጠይቁ። ቃል በቃል ይቅዱት። ለምን እንደፈለጉት ቢነግሯቸውም ባይነግሯቸውም የእርስዎ ምርጫ ነው፤ ቢነግሯቸው ግን ብዙ ጊዜ ደስ ብሏቸው በኑዛዜ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ያግዙዎታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ኑዛዜውን የሚያረቅልዎት ሰው የድርጅቱ ሰው አይሁን። ራስዎ የመረጡት ጠበቃ ይሁን። ይህን የምለው ድርጅቱን ጠርጥሬ አይደለም። ነገ «አስገድደዋት ነው» የሚል ወሬ እንዳይነሳ ነው።

ድርጅቱ ከእርስዎ በፊት ቢዘጋስ? ይህንንም አሁኑኑ ይጻፉት። ጄምስ ስሚትሰን የሚባል እንግሊዛዊ የሳይንስ ሰው ሀብቱን ለወንድሙ ልጅ ተወ፤ ልጁ ወራሽ ሳይተካ ከሞተ ግን ለአሜሪካ ይሁን፣ ዋሽንግተን ላይ «ዕውቀትን የሚያበዛና የሚያሰራጭ» ተቋም ይቋቋምበት አለ። አሜሪካን በሕይወቱ ረግጧት አያውቅም። እሱ እ.ኤ.አ. በ1829፣ የወንድሙ ልጅ በ1835 ሞቱ። ከመቶ ሺህ በላይ የወርቅ ሳንቲም ባሕር አቋርጦ ሄደ፣ በ1846 ስሚትሶኒያን የተባለው የሙዚየምና የምርምር ተቋም ተቋቋመ። ይህ ሁሉ የመጣው «ይህ ካልሆነ ያ» ከምትል አንዲት ሐረግ ነው። እርስዎም «ይህ ድርጅት ከሌለ ወይም ከሌላ ጋር ከተዋሐደ፣ ሥራውን ለተረከበው፤ እሱም ከሌለ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠራ አስፈጻሚዬ ለሚመርጠው» ብለው ያክሉ።

ገንዘቡ የሚውልበትንም ነገር ጠበብ አያድርጉት። «ለአልጋ መግዣ» ብለው ቢጽፉ፣ ያን ጊዜ አልጋ ሞልቷቸው ነርስ ያጥራቸው ይሆናል። «ለአጠቃላይ ሥራው» ይበሉ። ምኞት ካለዎት «ቢቻል ቤት ለቤት ለሚሄዱ ነርሶች» ብለው እንደ ምኞት ይጻፉት።

የቀሩትን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። እንደ ፈረንሳይ ባሉ አገሮች ለልጆች በሕግ የተጠበቀ ድርሻ አለ፤ ሁለት ልጆች ካሉዎት ሁለት ሦስተኛው የእነሱ ነው፣ በኑዛዜ የሚያዙት በቀረው ላይ ብቻ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ከሚተውት የተጣራ ሀብት ቢያንስ አሥር ከመቶውን ለበጎ አድራጎት ከሰጡ የውርስ ግብሩ ከ40 ወደ 36 ከመቶ ዝቅ ይላል። የእርስዎ አገር ምን እንደሚል ጠበቃውን ይጠይቁ። ከኑዛዜው አንዳች ነገር የሚደርሰው ሰው ምስክር ሆኖ አይፈርም። ጡረታና የሕይወት መድን ብዙ ጊዜ በኑዛዜ ሳይሆን እዚያው በተሞላው ቅጽ ነው የሚተላለፉት፤ ቅጹ ላይ ማን እንደተጻፈ ይዩ፣ ባለቤትዎ ሆነው ይቀሩ ይሆናል። ከፈረሙ በኋላ በእስክሪብቶ አይሰርዙ፣ አይደልዙ፤ ሐሳብ ከቀየሩ አዲስ ይጻፉ። ዋናው ቅጂ የት እንዳለ ደግሞ አንድ የሚያምኑት ሰው ይወቅ።

«አያሳፍርም?» ላሉት፦ እናቴ፣ በፍጹም አያሳፍርም። የዚህ ዓይነት ድርጅት የሚኖረው በትልልቅ ለጋሾች ብቻ አይደለም። እናንተ ቤት የመጣችው ነርስ ያንን ወር ደመወዟን ያገኘችው ምናልባት እርስዎ የማያውቋት አንዲት ሴት ከተወችው ላይ ነው። ያቺ ሴት «ይህ ምን ይረባል» ብላ ብትተወው ኖሮ ብለው ያስቡት እስቲ።

አንድ ያልጠየቁኝን ልመልስና ላብቃ። ለነርሷ በግሏ የሆነ ነገር መተው ያምርዎት ይሆናል። ብዙ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው ከታማሚ ቤተሰብ ስጦታ እንዳይቀበሉ ይከለክላሉ፤ ችግር ላይ ይጥሏታል። ለእሷ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፣ ኑዛዜም አያስፈልገውም። ቢሮ ሲደውሉ የድርጅቱን ሙሉ ስም ከጠየቁ በኋላ «ደብዳቤ ብልክ ይደርሳታል?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ በዚህ ሳምንት ሁለት መስመር ይጻፉላት። ስለ ሙቅ ውሃው ይንገሯት። ከሦስት ዓመት በኋላም እንዳልረሱት ላታውቅ ትችላለች።